የግርዶሽና የአስትሮይድ የፖለቲካ ትንበያ፦ እንዴት እንደማነበውና እንደምፈትነው

ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። «በስድስት ወር ውስጥ አንድ ትልቅ መሪ ይወድቃል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቀይ ቀስት የተሰመረበት የሰማይ ካርታ ይከተላል። ቀጥሎ የአንድ ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት፦ «አየህ አይደል? ብዬ ነበር!» እሱ ከልቡ ያምናል። እኔ አላምንም፤ ኮከብ ቆጠራ የፖለቲካን ነገ እንደሚያውቅ ያረጋገጠ ሳይንሳዊ ማስረጃም የለም። ግን አንብቤ አልጠግብም። ሰው ስለ ሥልጣን ያለውን ፍርሃትና ምኞት በሰማይ ቋንቋ ሲያወራ መስማት ከብዙ የዜና ትንታኔ ይልቅ ይጥመኛል።

የሚያበሽቀኝ አንድ ነገር ነው። ዜናው ከወጣ በኋላ ኮከቡን ፈልጎ ማግኘት። እሱንማ ማንም ይችላል። ስለዚህ ከጓደኛዬ ጋር ተስማምተናል፦ ከዜናው በፊት ያልተጻፈ ነገር ትንበያ አይባልም። ከዚህ በታች ያለው ያን ስምምነት በሥራ ላይ የማውልበት ዘዴ ነው። አማኝም ሁኑ ተጠራጣሪ ይሠራላችኋል። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሰማዩን በትክክል ያዙ

ትርጓሜ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ግርዶሹ ጥቂት ነገር ጻፉ። የፀሐይ ነው የጨረቃ? ሙሉ፣ ከፊል ወይስ ቀለበታዊ? በዓለም አቀፍ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል? የት የት ይታያል? በየትኛው ኮከብ፣ ስንተኛው ዲግሪ ላይ ነው? የመጀመሪያዎቹን ናሳ በነፃ ያወጣቸዋል፤ ጥላው የሚያልፍበትን መንገድ በካርታ ጭምር። ዲግሪውን ደግሞ ማንኛውም ነፃ የኮከብ ቻርት፣ ማለትም የአንድ ቅጽበት የሰማይ ካርታ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ይሰጣችኋል። ከሰው ጽሑፍ ላይ አትገልብጡ። ስህተት በብዛት የሚገባው እዚህ ነው።

ምሳሌ ልያዝ። ኦገስት 2 ቀን 2027 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ጥላው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ ደቡብ ስፔንን፣ ሞሮኮን፣ አልጄሪያን፣ ቱኒዚያን፣ ሊቢያንና ግብፅን አቋርጦ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ሶማሊያ ይደርሳል። ሉክሶር አጠገብ ጨለማው 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይቆያል። ይህ በጣም ረጅም ነው። ቦታው በአሰድ ኮከብ 10ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው።

የኮከቦቹ ስም ለተምታታበት፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። እያንዳንዱ 30 ዲግሪ፣ በድምሩ 360።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ፕሮግራሞቹ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። 10፡07 ብለው ሲጽፉ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ማለታቸው ነው። 6 ሰዓት ተሳስታችሁ ብታስገቡ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ኮከብ በሦስት ያህል ኮከብ ይዘላል፤ አንዱ ኮከብ ለመውጣት በአማካይ 2 ሰዓት ይወስድበታልና። ከዚያ በኋላ የምታነቡት ሁሉ የሌላ ቻርት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ግርዶሽ! ከዚህ በፊት ያልታየ!» የሚል ካጋጠማችሁ ዝለሉት። የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ ጋር ሲነጻጸር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት አካባቢ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል፣ የግርዶሽ ወቅት ይመጣል። በየወቅቱ አንድ የፀሐይና አንድ የጨረቃ ግርዶሽ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይከሰታል፤ አንዳንዴ ሦስትም ይሆናሉ። ያልተለመደ አይደለም፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።

ግርዶሹ የማን ነው?

የድሮዎቹ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዛሬዎቹ የሚበልጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነሱ ሕግ ነበራቸው። ባቢሎናውያን የጨረቃን ፊት በዘመናቸው ለነበሩ አራት አገሮች ይከፍሉት ነበር፦ ለአካድ፣ ለኤላም፣ ለአሙሩ እና ለሱባርቱ። ጥላው ያረፈበት ክፍል ባለቤት ነው መፍራት ያለበት። በዚያ ሰዓት ጁፒተር በሰማይ ከታየ ደግሞ ንጉሡ ይድናል። ሕጉ የታወቀ ስለነበር «አይ፣ ይሄኛው እኛን አይመለከትም» ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል ኮከብ ቆጣሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሲያስፈራቸውም በደንብ ነበር። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በአሦር ንጉሥ በአስራዶን ዘመን፣ ክፉ ግርዶሽ ሲመጣ ምትክ ንጉሥ ይነግሥ ነበር። አንድ ምስኪን ዙፋን ላይ ይቀመጣል፤ እስከ 100 ቀን ሊቆይ ይችላል። እውነተኛው ንጉሥ ተደብቆ ይቆያል፤ አማካሪዎቹም በደብዳቤ «ገበሬው» እያሉ ይጠሩታል። ጊዜው ሲያልቅ ምትኩ ይገደላል። ትንበያውም ያው «ተፈጸመ»፤ ንጉሥ ሞቷላ!

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የኖረው ቶለሚ ደግሞ ለአገሮች የሚሆን ሕግ አወጣ። ሦስቱ ይበቁናል። አንደኛ፣ ግርዶሹ በዋናነት የሚመለከተው የታየበትን አገር ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ኮከብ የራሱ አገሮች አሉት፤ አሰድን ለምሳሌ ለጣልያን፣ ለፊንቄና ለከለዳውያን ምድር ሰጥቶታል። ሦስተኛ፣ የፀሐይ ግርዶሽ በቆየበት በእያንዳንዱ ሰዓት ልክ ውጤቱ አንድ ዓመት ይዘልቃል፤ የጨረቃ ከሆነ አንድ ወር።

እነዚህን ይዛችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩትን ጽሑፎች እዩዋቸው። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሜክሲኮ፣ በአሜሪካና በካናዳ ላይ አለፈ። ከ41 ቀን በኋላ፣ ሜይ 19፣ የኢራን ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ራኢሲ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ። «ግርዶሹ መሪ በላ!» የሚል ነገር ይወጣል። ግን ያ ግርዶሽ ኢራን ላይ አልታየም። በቶለሚ ሕግ ከሄድን ጉዳዩ የሰሜን አሜሪካ ነበር። እዚያ ደግሞ ጁላይ ላይ ትራምፕ ተተኮሰባቸው፤ ባይደንም ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። አማኝ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ቢይዝ ኖሮ ቢያንስ በራሱ ሕግ የሚጫወት ሰው ብዬ አከብረው ነበር። ችግሩ ሦስቱንም ከዚያው ግርዶሽ ማግኘት መፈለጉ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሥራችሁ ይህ ነው፦ ግርዶሹ የሚመለከታቸውን አገሮች ዝርዝር አስቀድማችሁ ጻፉ። ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ ዜና፣ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ አይቆጠርም።

የቤተሰብ ዛፍ

ግርዶሾች ቤተሰብ አላቸው። ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ግርዶሽ ይመለሳል፤ ይህ ዑደት ሳሮስ ይባላል። ትርፍ 8 ሰዓት ስላለው ምድር በመሐል አንድ ሦስተኛ ዙር ትዞራለች፤ በዚህ ምክንያት የሚታይበት ቦታ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ኮከብ ቆጣሪዎች አዲሱን ግርዶሽ ለመተንበይ የወንድሞቹን ታሪክ ያያሉ። እኔም ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ታሪክ ያስነብባልና።

የ2027ቱ ወንድሞች ጁላይ 22 ቀን 2009፣ ጁላይ 11 ቀን 1991፣ ጁን 30 ቀን 1973 ናቸው። የ1991ዱን ያዙ። ከ39 ቀን በኋላ ሞስኮ ላይ በጎርባቾቭ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ፈረሰች። የ1973ቱን እዩ። በሴፕቴምበር ቺሊ ላይ መፈንቅለ መንግሥት፣ በኦክቶበር የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት። ሰውነት ይወርራል! አሁን ካርታውን ክፈቱ። የ1991ዱ ጥላ ያለፈው በሃዋይ፣ በሜክሲኮ፣ በመካከለኛው አሜሪካና በብራዚል ላይ ነው። ሞስኮ የለችበትም። የ2009ኙ ደግሞ በሕንድና በቻይና ላይ አለፈ። እዚያ ስትደርሱ ክሩ ይላላል፤ ሰው የሚመጥን ነገር ፍለጋ ዓመቱን ሙሉ ሲያገላብጥ አይቻለሁ።

የቤተሰቡን ዛፍ መሥራት ከፈለጋችሁ ሁሉንም ወንድሞች ጻፉ። ያማሩትን ብቻ መርጦ ማቅረብ አይፈቀድም።

የማን ቻርት?

እዚህ ብዙ አልቆይም። ግርዶሹ የወደቀበት ዲግሪ ከአንድ አገር ወይም መሪ የልደት ቻርት ጋር ሲገጥም ነው ኮከብ ቆጣሪው የሚነቃቃው። ግን አገር መቼ ተወለደ? በርማ በዚህ ረገድ ትመቻለች፤ የነፃነቷን ሰዓት ኮከብ ቆጣሪዎች መርጠውላት ጃንዋሪ 4 ቀን 1948 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ተወለደች። ለአሜሪካ ግን አማኞቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጁላይ 4 ቀን 1776 ላይ ቢስማሙ እንኳ በሰዓቱ ይጣላሉ፤ አንዱ ቻርት ቀውስን በአድማስ ላይ ያወጣል፣ ሌላው ገውዝን። አንዱን ምረጡ፣ ምንጩን ጻፉ፣ እስከ መጨረሻው በእሱ ቆዩ። ለዚህኛው ግርዶሽ አንዱን፣ ለዚያኛው ሌላውን ማምጣት ማጭበርበር ነው።

የመሪ ቻርት ላይ ደግሞ ትራምፕ ጥሩ ትምህርት ናቸው። የተወለዱት ጁን 14 ቀን 1946፣ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ በነበረበት ዕለት ነው። ኦገስት 21 ቀን 2017 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው የፀሐይ ግርዶሽ አሰድ ላይ 29ኛው ዲግሪ ገደማ ወደቀ፤ በእሳቸው ቻርት ላይ በማርስና በተወለዱበት ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ላይ በወጣው ነጥብ መሐል። ከዚህ የበለጠ የተመቻቸ ነገር አይገኝም። ግርዶሹም በአገራቸው ላይ ታይቷል። አንዳንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ከሥልጣን ይወርዳሉ አሉ። ሰውየው የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው ጃንዋሪ 2021 ወጡ፤ በ2024 ምርጫ አሸንፈው ተመለሱ። ሕጉ ሁሉ ተሟልቶ ትንበያው ከከሸፈ መመዝገብ ያለበትም ያኔ ነው።

አስትሮይዶቹ

አሁን ወደ ዋናው ገበያ ገባን። ቶለሚ አስትሮይድ የሚባል፣ ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ዓለታማ አካል፣ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዋን፣ ሴሬስን፣ ጁሴፔ ፒያዚ ፓሌርሞ ላይ ያገኛት ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ነው። ፓላስ በ1802፣ ጁኖ በ1804፣ ቬስታ በ1807 ተከተሉ። ኮከብ ቆጣሪዎች በስፋት ወደ ቻርት ያስገቧቸው ግን በ1970ዎቹ ነው።

ትርጉማቸው የመጣው ከስማቸው ነው። ሴሬስ የእህል አምላክ ስለነበረች በፖለቲካ ዜና ላይ እርሻን፣ ረሃብን፣ የምግብ ዋጋን ታመለክታለች ይላሉ። ፓላስ ስልትና ድርድር ናት። ጁኖ የጋብቻ ጠባቂ ስለነበረች ቃል ኪዳንን፣ ጥምር መንግሥትን፣ የወዳጅነት ስምምነትን ይዛለች። ቬስታ የምድጃውን እሳት ትጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ጸጥታና የመንግሥት ተቋማት የእሷ ናቸው። ለመጫወት አራቱ ከበቂ በላይ ናቸው። ካይሮን የሚባለውን የሚጨምሩም አሉ፤ በ1977 የተገኘ ነው፣ በሳተርንና በዩራኑስ መሐል ይዞራል፤ «ቁስል» ይሉታል።

ጉዱ የሚመጣው ከአራቱ ስትወጡ ነው። ዛሬ የሚታወቁት አስትሮይዶች ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስም የተሰጣቸው ብቻ ከ20 ሺህ ይበልጣሉ። (ከስሙ በፊት ያለው የመዝገብ ቁጥሩ ነው።) 14 አይሪን ሰላም ናት፤ 128 ኔሜሲስ በቀል፤ 269 ጁስቲሺያ ፍትሕ። ታዲያ የኔሜሲስን ቦታ ከግርዶሹ ዲግሪ አጠገብ ያገኘ ሰው ቢደነግጥ ይፈረድበታል?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከግርዶሹ ዲግሪ በግራና በቀኝ 1 ዲግሪ ብንፈቅድ 2 ዲግሪ ስፋት ያለው መስኮት ይኖረናል። ከ360 ውስጥ 2 ማለት ከ180 አንድ ነው። 20 ሺህ ስም ለ180 ሲካፈል 111 ይመጣል። ማለትም የትኛውም ግርዶሽ፣ የትኛውም ቀን ላይ ይውደቅ፣ በአማካይ 111 ስም ያላቸው አስትሮይዶች አጠገቡ ይገኛሉ። ፊት ለፊቱ ያሉትን፣ በ180 ዲግሪ ርቀት ማለት ነው፣ ከጨመራችሁ 222። ከ222 ስም ውስጥ ለምሽቱ ዜና የሚስማማ አንድ ማጣት ነው የሚከብደው። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ግን የሚታየው ለሚያይ ነው» አለኝ። እኔም «ለዚህ ነው አስቀድመህ ጻፍ የምልህ» አልኩት።

የመሪ ስም ያለው አስትሮይድ ሲመጣስ? ይህ በጣም ይዘወተራል። ሊታወቅ የሚገባው፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሕግ በፖለቲካ ወይም በውትድርና የታወቀ ሰው ከሞተ 100 ዓመት ካልሞላው ስሙ ለአስትሮይድ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ዜና ላይ ያለ ፖለቲከኛ ስም ያለው አስትሮይድ ብታገኙ ሞክሼ ነው። 3130 ሂላሪ የተሰየመው ለምሳሌ በተራራ ወጪው በኤድመንድ ሂላሪ ነው፤ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር የሚያገናኘው የለም። ኮከብ ቆጣሪዎቹ «ድምፁ ይበቃል» ይላሉ። ይሁን። ግን እንግዲያው የተፎካካሪውንም ስም ፈልጉና የሁለቱንም ቦታ አብራችሁ ጻፉ።

የምመክረው ይህን ነው። ከአምስት የማይበልጡ አስትሮይዶች ምረጡ። ለእያንዳንዱ ከአንድ መስመር ያልበለጠ ትርጉም ስጡ። የምትፈቅዱትን የዲግሪ ልዩነት ወስኑ፤ ለእኔ 1 ዲግሪ ነው። ከዚያ ለሦስት ዓመት አትንኩት። ስድስተኛ ለመጨመር እጃችሁ ሲበላችሁ ብዙውን ጊዜ የዚያ ቀን ዜና ነው የሚያሳክካችሁ።

ስለ አፖፊስም አስቀድሜ ልናገር፤ ወሬው መምጣቱ አይቀርም። ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ ዓርብ ዕለት፣ ይህ አስትሮይድ ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። አንዳንድ የመገናኛ ሳተላይቶች ከሚዞሩበት ከፍታ ያነሰ ማለት ነው። ስሙ ከግብፃውያን የጨለማ እባብ የተወሰደ ነው። ናሳ ቢያንስ ለ100 ዓመት ምድርን እንደማይመታ በ2021 አረጋግጧል። ዓርብ፣ 13፣ እባብ! ኮከብ ቆጣሪ ካልጻፈበት ሥራውን ለቋል ማለት ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ቻርት ላይ ርቀት የለም። ኮከብ ቆጠራ የሚቆጥረው አቅጣጫን ብቻ ነው፤ ስንተኛው ዲግሪ ላይ እንደሚታይ። በ32 ሺህም ሆነ በ300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያለ አካል ቻርቱ ላይ እኩል ነጥብ ነው። ስለዚህ «በጣም ስለሚቀርብ መንግሥታት ይናወጣሉ» የሚል ሰው ፍርሃቱን ከሥነ ፈለክ ተበድሯል፤ የራሱ ሙያ ያን ቁጥር አያውቀውም።

አረፍተ ነገሩን መጻፍ

አሁን ወረቀት አውጡ። «ትልቅ ለውጥ ይመጣል» አይባልም። ማን፣ የት፣ ምን፣ እስከ መቼ፤ አራቱም መኖር አለባቸው። «እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ግርዶሹ ሙሉ ሆኖ ከታየባቸው አገሮች በአንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምርጫ ውጭ ይቀየራል» ማለት ይቻላል። ይህ ሊሳሳት ይችላል። ሊሳሳት የማይችል አረፍተ ነገር ካያችሁ አትልፉበት፣ ጣሉት።

የጊዜ መስኮቱ ዋናው ማታለያ ነው። «ከግርዶሹ በፊትና በኋላ ባለው አንድ ወር» ይላሉ፤ ጠባብ ይመስላል። ቁጠሩት። በአንድ ወቅት ሁለቱ ግርዶሾች በ15 ቀን ይራራቃሉ። በፊት 30፣ በኋላ 30 ጨምሩ፤ 75 ቀን። በዓመት ሁለት ወቅት፣ 150 ቀን። ከዓመቱ ቀናት ውስጥ አራት አሥረኛው «በግርዶሽ አካባቢ» ነው! ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር የታሪክ ቀኖች ብትመርጡ አራቱ ገደማ ይገባሉ። ስድስት ወር ከሆነ ደግሞ ከመስኮቱ የሚወጣ ቀን የለም።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያው በራሱ የሚያመጣውን ቀንሱ። ስፔን ላይ እዩት። ኦገስት 12 ቀን 2026 ሙሉ ግርዶሽ፣ ኦገስት 2 ቀን 2027 ሙሉ ግርዶሽ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 2028 ቀለበታዊ ግርዶሽ፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስቱም እዚያ ይታያሉ። «ስፔን የመንግሥት ለውጥ ይጠብቃታል» ማለት ያጓጓል። ነገር ግን በጁላይ 2023 የተመረጠው ፓርላማ ዘመኑ 4 ዓመት ነው። ምርጫው ግርዶሽ ኖረም አልኖረም ከ2027 አያልፍም። ግብፅም እንዲሁ። የ2027ቱ ግርዶሽ ሉክሶር ላይ ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ መጨረሻው ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል፤ በቶለሚ ሕግ እስከ 2030 መጀመሪያ ይወስደናል። በዲሴምበር 2023 የተመረጡት ፕሬዚዳንት የ6 ዓመት ዘመንም የሚያበቃው እዚያው አካባቢ ነው። ለዚህ ኮከብ አያስፈልግም፤ ሕገ መንግሥት ይበቃል።

ዜናው ሲመጣ ደግሞ ሦስት ቃል ብቻ ተጠቀሙ፦ ሆነ፣ አልሆነም፣ አይለይም። ሦስተኛው ከበዛ አጻጻፋችሁ ልቅ ነበር ማለት ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 2022 የአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ዕለት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ ከዩራኑስ ጋር ተጣብቃ ነበር፤ ከእስያ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ለሚያይ ጭራሽ ሸፍናዋለች። ዩራኑስ ለኮከብ ቆጣሪዎች «ድንገተኛ መገልበጥ» ነው። በምርጫው ሪፐብሊካኖች የታችኛውን ምክር ቤት በጠባብ ልዩነት ወሰዱ፤ ሴኔቱ በዲሞክራቶች እጅ ቀረ። ከሚጠበቀው በላይ የተረጋጋ ውጤት ነበር። ታዲያ «የተጠበቀው ማዕበል አለመምጣቱ ራሱ ድንገተኛ ነው» ቢባልስ? ይባላል። ማዕበሉ ቢመጣም ድንገተኛ፣ ቢቀርም ድንገተኛ። «አይለይም» የሚለው ዓምድ የተሠራው ለዚህ ነው።

ወደኋላ መሳብም አይፈቀድም። ኦገስት 21 ቀን 1914 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሪጋ፣ በሚንስክና በኪየቭ በኩል አለፈ፤ የምሥራቁ ግንባር ሰፈር ማለት ነው። ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀመረው ጁላይ 28 ነው። «ጥላው ቀድሞ ደረሰ» የሚሉ አሉ። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ሄንሪ ደግሞ በኦገስት 1133 ግርዶሽ ሰሞን ባሕር ተሻገሩ፤ የሞቱት በ1135። ሰዎች ሁለቱን አገናኟቸው። አንዱ ላይ ከወር ያነሰ ወደኋላ፣ ሌላው ላይ ሁለት ዓመት ወደፊት። በዚህ ሜትር ልብስ ብትሰፉ ለሁሉም ሰው ልክ ይመጣል።

የሚያምነው ማን ነው?

ተጠራጣሪዎችም ቢሆን ይህን አትዝለሉት። ግርዶሽ ፖለቲካን የለወጠባቸው ጊዜያት አሉ። የለወጠው ግን በሰው በኩል ነው።

በ413 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴና ጦር ሲራኩስ ላይ ተሸንፎ ሊወጣ መርከቦቹን አዘጋጅቶ ነበር። ኦገስት 27 ሌሊት ጨረቃ ጠቆረች። ሟርተኞቹ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን ጠብቁ አሉ። አዛዡ ኒኪያስ እሺ አለ። በዚያ መሐል ጠላት ወደቡን ዘጋው። ጦሩ አለቀ፣ ኒኪያስም ተገደለ። ዜናውን የሠራው የጨረቃ ጥላ ሳይሆን የአዛዡ እምነት ነው።

በእኛ ዘመንም አለ። የስሪ ላንካው ማሂንዳ ራጃፓክሳ ጊዜያቸው ሳያልቅ ምርጫ ጠሩ፤ ቀኑን የመረጡት ከኮከብ ቆጣሪያቸው ጋር ተማክረው ነበር። ምርጫው ጃንዋሪ 8 ቀን 2015 ተካሄደ፤ ተሸነፉ። ሮናልድ ሬገን በማርች 1981 ከተተኮሰባቸው በኋላ ባለቤታቸው ናንሲ ኮከብ ቆጣሪ ያማክሩ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ የጉዞና የስብሰባ ቀን ላይ ጭምር። በ1988 ይህ ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ።

ስለዚህ በማስታወሻዬ ላይ አንድ የተለየ ዓምድ አለ፦ «ውሳኔ ሰጪው ያምናል ወይ?» መሪው ወይም አማካሪዎቹ ኮከብ እንደሚያስቆጥሩ በይፋ ከታወቀ፣ የግርዶሹ ቀን ለእኔ እውነተኛ መረጃ ነው። ሹመት፣ የምርጫ ቀን፣ የስምምነት ፊርማ ከዚያ ቀን ሊሸሽ ወይም ሊጠጋ ይችላል። ከሰማዩ ክፍል ሁሉ ከዜና ጋር በትክክል የሚገጥመው ይህኛው ነው። ጓደኛዬ ይህን ዓምድ አይወደውም።

ስለ ሞት አልጽፍም። «እገሌ እስከ እዚህ ቀን ይሞታል» የሚለውን አልተነብይም፣ ሲመጣልኝም ለሌላ አላስተላልፍም። ግጭት ባለበት አገር «ደም ይፈስሳል» የሚል የግርዶሽ ጽሑፍ ማሰራጨትም እንዲሁ። ሰዎች ስለሚያምኑት ብቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ኒኪያስን አይታችኋል። ለ«ሙሉው ትንበያ» ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ያለፈውን ዓመት ትንበያውን፣ ሳይስተካከል፣ ቀኑ እንዳለ፣ ይላክላችሁ። አብዛኛው እዚያ ላይ ዝም ይላል።

የጻፋችሁትን ገጽ ቀን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱና ለአንድ ሰው ላኩ፤ በኋላ «እንዲህ ማለቴ ነበር» እንዳይመጣ። ሐሳባችሁን መቀየር ከፈለጋችሁ አዲስ ገጽ ክፈቱ። አሮጌው ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም።